ጨዋታው እስኪያልቅ

ሰው እንደሞተብኝ ያወቅሁት ጎል ገብቶብኝ «አይዞህ» የተባልኩ ዕለት ነው።

በረኛ ነበርኩ። ኳሷ ከመሀል ሜዳ ማንም ሳይነካት ተንከባልላ፣ እየደከመች መጣች። ጎንበስ ብዬ ስጠብቃት በእግሮቼ መሀል አለፈችና መረቡ ሥር ሄዳ ቆመች። እንዲህ ያለ ጎል ሲገባብኝ ምን እንደምባል አውቃለሁ። አሰልጣኛችን ጋሼ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩ፣ እሁድ እሁድ የትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ግን ሽምግልናው ይቀርና ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ቆመህ የምታየው ቲኬት ቆርጠህ ነው እንዴ?» ብለውኝ ተጋጣሚዎቻችን እንኳ አስተርጉመው ስቀውብኛል። ኩሽና ውስጥ የሙያ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ ድስትና ሽንኩርት ያልገባበት ተረባቸው ጥቂት ነው።

የዚያን ቀን ግን ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። መስመሩ ዳር ቆመው ትንሽ አዩኝና «አይዞህ የኔ ልጅ» አሉ።

ዞር ብዬ ተከላካዮቻችንን አየሁ። ሁሉም አቀርቅረዋል። አንድ የሚቆጣ ጠፋ። አምበላችን ዲቲኮን በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን፣ ኳስ አሳስተህ ካቀበልከው በስድብ እስከ ቅድመ አያትህ የሚሄድ ልጅ ነው። እሱ ራሱ ከአጥቂ ቦታው ድረስ ሮጦ መጥቶ ጭንቅላቴን ዳበሰኝና ምንም ሳይናገር ተመለሰ። ፀሐይ ነበር፤ እኔ ግን ከማጅራቴ ጀምሮ በረደኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ ከመነገሩ በፊት ይሸታል። ቤተሰብ ለሞተበት ሰው አይደውልም፤ በዙሪያው ላሉት ነው የሚደውለው። እነሱ ይመካከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው ይነግሩታል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ምንም ሳያውቅ ቁርሱን ይበላል፣ ሥራው ይሄዳል፣ ይስቃል፤ ያዩት ሁሉ ያዝኑለታል። የምንኖርበት ስዊዘርላንድ ደግሞ ቀን መምረጥ አይመችም። አንዱ ፈረቃ አለው፣ ሌላው ፈተና አለው፣ ያኛው ካንቶን ከሚሉት ግዛት ወደ ሌላው ግዛት ይመላለሳል፤ ለቅሶም ቀጠሮ ይፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር የሰዉ ደግነት ይረዝማል፤ ያንን ያህል የሚያስፈራ ደግነት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም።

ማን እንደሞተ ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም ነበረባት። አዳማ ከታላቅ እህቷ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምትኖረው። ታላቅየዋን ሰፈሩም፣ እናቴም፣ እኔም እትዬ ነው የምንላት። እናቴ ከከተማ ውጭ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ያሳደገችኝ እትዬ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ታማ ተኝታም አታውቅም፤ ብረት የሆነች ሴት። ስለዚህ እሷ ትዝም አላለችኝ። ደግሞ ለአክስት ብሎ ይህን ያህል የሚጨነቅ ማን አለ? እንዲህ ተደርጋ የምትደበቀው እናት ብቻ ናት ብዬ አሰብኩ።

ከሜዳው እንደወጣሁ ጫማዬን ሳልፈታ ደወልኩ።

«እማ?»

«አቤት የኔ ጌታ።»

ድምፁ ሻክሯል። «ምነው ድምፅሽ?» አልኳት።

«ጉንፋን ነው። ሰሞኑን ብርድ መቶኝ ነው።»

«እስቲ ቪዲዮ አድርጊው።»

«ስልኩ ወድቆብኝ ካሜራው ተሰበረ።»

«እትዬስ? አገናኚኝ።»

የሆነ ዕቃ ስታነሣና ስታስቀምጥ ተሰማኝ። «ለጸሎት ፕሮግራም ክፍለ ሀገር ሄዳለች» አለች በመጨረሻ።

ስልኩን ዘግቼ መልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ እህቶች በስልክ አይለዩም። ልጅ ሆኜ ከቀበሌ ለእናቴ ሲደወል እትዬ እናቴን ሆና ታወራና ስልኩን ዘግታ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «የኔ ጌታ» የምትለኝም እትዬ ብቻ ናት፤ እናቴ «ልጄ» እንጂ ሌላ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እናቴ ሞታለች፤ እትዬ እናቴን ሆና እያወራችኝ ነው።

መጠየቅ እችል ነበር። ደውዬ «እትዬ፣ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ» ብላት ኖሮ ሁሉም ነገር ያን ቀን ያበቃ ነበር። ግን እናት ከሌለኝ በውሸትም ቢሆን የምትመልስልኝ እናት ትኑረኝ አልኩ። ካልተነገረኝ አልሞተችም ብዬ ወሰንኩ። ስጽፈው የሞኝ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ከዚያ የበለጠ የማምነው ነገር አልነበረኝም።

መጀመሪያ የሙያ ፈተናዬን እየጠበቁልኝ መሰለኝ። ፈተናው መጣ፣ አለፍኩ፣ ሁሉም እየተነሣ አቀፈኝ፤ እንኳን ደስ አለህ ለሚባል ሰው እቅፉ ረዘመ። አሁን ይነግሩኛል ብዬ ያን ሰሞን በጠዋት እየነቃሁ በሩን ሳዳምጥ ከረምኩ። ማንም አልመጣም። አንድ ጠዋት ደወሉ ሲጮህ መጡ ብዬ ተነሣሁ፤ ስከፍት ፖስተኛው ነው፤ በደስታ ብዛት እጁን ይዤ ስለጨበጥኩት ከዚያ ወዲህ ጥቅል ሲኖረኝ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል።

ምክንያቱን የሰማሁት በምኖርባት ረገንስዶርፍ ባቡር ጣቢያ ነው። አምበላችን ከእኔ ፎቅ በላይ ያለው ቤት ነው የሚኖረው። ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ያወራል። «አዎ፣ ፈተናውማ አልፏል» ይላል። «ጨዋታው እስኪያልቅ ተብሏል። ጨዋታው ይለቅና ይነገረዋል።» ኮቴዬን ሲሰማ ዞር አለና፣ እዚያው ላይ ወደ ጀርመንኛ ቀይሮ ስለ ፈረቃ ማውራት ጀመረ። ማዶ ያለው ሰው አማርኛ እንጂ ጀርመንኛ የሚችል አይመስለኝም።

የምንጫወተው ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞችና ስደተኞች ቡድኖች የሚወዳደሩበት የበጋ ዋንጫ ነበር። የምድቡ ጨዋታ አልቆ የተሸነፈ የሚሰናበትበት ደርሰናል። እንግዲህ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከተሸነፍን ጨዋታው ያልቃል፤ ጨዋታው ካለቀ ጎህ ሲቀድ በሬ ይንኳኳል። እስካሸነፍን ድረስ ግን እናቴ አትሞትም።

ከዚያ ወዲያ ኳስ አላሳልፍም አልኩ። ቀድሞ ወደ ቀኝ ሲመቱ ወደ ግራ የምወድቅ ሰው፣ አጥቂው ሳያስብ የት እንደሚመታ የማውቅ ሆንኩ። ፊቴን ለጫማ ሰጠሁ። ትከሻዬ አብጦ ኩሽና ውስጥ ድስት ማንሣት አቃተኝ። ከስሪ ላንካ የመጡት የታሚሎቹ ቡድን አሰልጣኝ ከጨዋታ በኋላ መጥቶ ጓንቴን ገልብጦ አየው፣ የሆነ ነገር የተቀባ መስሎት። ጋሼ ሊያመሰግኑኝ አፋቸውን ይከፍቱና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ዞር ብለው ውኃ ያድላሉ። የሚያስቅ ነበር፤ የሚስቅ ግን አልነበረም።

ልምምድ የምናደርገው ኡስተር ከተማ፣ ቤዝቦል ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር በምንጋራው ሜዳ ነው። መልበሻ ክፍሉ የእነሱ ስለነበር ዱላቸውና ጓንታቸው ጥግ ተቆልሎ ይውላል። ግድግዳው ላይ አንድ የቆየ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በደመወዝ ይጫወት የነበረ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን። ያመጣው ሃውስቫርቱ ነው፤ የሕንጻው ጠባቂ ማለት ነው፣ ሽማግሌ የዙሪክ ሰው። አያቱ በወጣትነቱ አሜሪካ ተሰድዶ የዚያን ቡድን መለያ ያጥብ ነበር አሉ። ጋሼ ራሳቸው ልብስ አጣቢ ናቸውና ይህን ከሰሙ ወዲህ ፎቶውን አልፈው ሲሄዱ እንደ ማስገንዘቢያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ፎቶውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ሰሞን ግን ከዚህ በፊት ያላየሁትን አየሁ። ተጫዋቾቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወደ ካሜራው የሚያየው መሀል ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ይስቃል። የቀሩት ሁሉ እሱን ያያሉ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጠዋት ባቡር ላይ አምበላችን እኔን የሚያየኝ እንደዚያ ነበር።

«ይህ ቡድን እንዴት ነበር?» አልኩት ሽማግሌውን፣ ወለሉን ሲጠርግ።

«መጥፎ ዓመት ነበር» አለ። እንደ ታሪክ ሳይሆን ትናንት እንደሆነ ነገር ነው የነገረኝ። በጸደይ በድል ጀመሩ፣ ከዚያ መሸነፍ ያዙ። ከከተማ ከተማ በባቡር እየሄዱ ይሸነፋሉ። ሰው መምጣት ተወ፤ መጨረሻ አካባቢ ባዶ አግዳሚ ፊት ይጫወቱ ጀመር። አያቱ ያጠበው መለያ ላይ ጭቃ እንጂ ደስታ አልነበረበትም። ሆኖም እንጀራቸው ነውና አንድ ቀን ሳይቀሩ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ተጫወቱ።

«ይሄኛውስ?» አልኩ መሀሉ ላይ ወዳለው እያመለከትኩ።

«እሱ? ሁሉንም ጨዋታ ተጫውቷል።»

«ለምንድን ነው ሁሉም የሚያዩት?»

ሽማግሌው መጥረጊያውን አቁሞ ቀረብ ብሎ አየ። «አያቴ እሱ ጋ ሲደርስ ወሬ ይቀይር ነበር» አለና መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለፎቶው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምለብሰው፤ እንዲያም ሆኖ ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዙሪክ በተከራየነው አዳራሽ እንጸልያለን። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱ የራሱን የሚጸልይበት ጊዜ አለ። አንድ እሁድ ጋሼ «ያዘኑትን አጽናና» ሲሉ ጉባኤው ከወትሮው በላይ ጮኸ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ዓይኔን ገለጥኩ። የሁሉም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሁሉም እጅ ተነሥቷል፤ የሁሉም ዓይን ግን ክፍት ነው፣ እኔ ላይ ነው። ፒያኖ የሚመታው ልጅ ሳይቀር አንገቱን አዙሮ እያየኝ ይመታል። ማየቴን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጨፈኑ። ጸሎቱ አልተቋረጠም። እኔ ወጣሁ።

በጣም ተናድጄ ነበር። ትራም ማቆሚያው ላይ ቆሜ አዳማ ደወልኩ። የመጀመሪያው ንዴቴ በዚያች ድምፅ ላይ ነበር። ልፈትናት፣ ውሸቷን ላፈርሰው ፈለግኩ።

ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ ክፉ ንዳድ ይዞኝ ነበር። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና አልነበረም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው አንድ ጀርባ ብቻ ነው፤ የረጠበ ነጠላ፣ ከሥሩ የሚሞቅ ጀርባ፣ ጎርፉ ውስጥ የሚንቦጫረቅ እግር። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ያ ጀርባ ነው። «እናትህ ናት፤ ከሥራዋ ስትመጣ አገኘችህና አዝላህ በረረች» ትለኝ የነበረችው እትዬ ራሷ ናት። ታሪኩን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።

«እማ» አልኳት፣ «አዝለሽ ሐኪም ቤት የወሰድሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ጎርፉ እስከ የትሽ ነበር?»

ትራም መጥቶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ።

«እኔ አይደለሁም ያዘልኩህ» አለች በመጨረሻ። «እትዬ ናት። እኔ ያን ቀን አልመጣሁም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።» ከዚያ ለቅሶ አፈናት፤ ስልኩ ተቋረጠ።

ማቆሚያው ላይ ቀረሁ። የገባኝ እንዲህ ነው። እትዬ እናቴን መሆን ሁሉንም ችላበታለች፣ ይቺን ግን አልቻለችም። የራሷን ጀርባ ለሟች እህቷ መልሳ መስጠት አቃታትና በገዛ አፏ ነገረችኝ። ንዴቴ ውኃ ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት የእናቴ ነው እያልኩ የኮራሁበት ጀርባ የእሷ ነበር፤ የጀርባው ባለቤት ሆና ሳለ እናቴን እንዳመሰግን ያስተማረችኝም እሷ ናት። እናቱን በሳምንት ሁለት ቀን የሚያይ ልጅ እናቱን እንዲወድድ ብላ ይሆናል። ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ግማሽ ፍጻሜውን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን። የመጨረሻውን ኳስ በጣቴ ጫፍ አውጥቼ ስነሣ የሚዘልልኝ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልዘለለም። አምበላችን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ ተጋጣሚዎቻችን የደስታ መስሏቸው አጨበጨቡለት። ጋሼ ደግሞ «አሁን ጄኔቫ ልንሄድ ነው» ብለው አግዳሚው ላይ ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ። ጨዋታው እንዲያልቅ የሚፈልጉት እነሱ እንደሆኑ፣ እያሸነፍኩ የማሠቃያቸው እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ቀጣዩ ፍጻሜ ነው። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ያልቃል። ለእናቴ የቀሯት ቀናት እስከ ቅዳሜ ብቻ ናቸው።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ደወልኩ። የመጨረሻዬ ናት ብዬ ነው የደወልኩት፤ ከመርዶው በኋላ ያቺ ድምፅ እናቴን መሆን ትተዋለች። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ መድኃኒቷ ጠየቅኳት፣ «በሰዓቱ ነው የምወስደው» አለችኝ። ለሟች መድኃኒት መጠየቅ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም።

«እማ፣ እትዬን አመስግኚልኝ» አልኳት።

«ስለምኑ?»

«ስለ ጀርባዋ። ስለ ሁሉም ነገር። አውቄአለሁ በያት፤ ሁሉንም አውቄአለሁ፣ አልተቀየምኩም በያት።»

«አውቀሃል?» አለች በቀስታ።

«አዎ።»

«እሺ የኔ ጌታ። እነግራታለሁ።»

ጄኔቫ ስንደርስ ከሐይቁ ላይ ነፋስ እየነፈሰ ነበር። የተጋጣሚያችን ቡድን የጄኔቫ ሐበሾች ነው፤ ድሮ ከእነሱ ጋር ስንገናኝ ገና ከመኪና ሳንወርድ ነው መተራረብ የምንጀምረው። የዚያን ቀን ተሰልፈው ጠበቁን። አምበላቸው እጄን ሲጨብጥ አልለቅቅ አለና ጆሮዬ ሥር «ኩራዥ ወንድሜ፣ ኩራዥ» አለኝ፤ በፈረንሳይኛ አይዞህ ማለቱ ነው። እነሱም ያውቃሉ። ከመስመሩ ዳር ልጆቻቸውን ይዘው የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አንዲት ትንሽ ልጅ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀችና ጣቷን ወደ እኔ ስትቀስር እናቷ ጣቷን ያዘችባት። ያን ያህል ሰው ቆሞበት እንዲያ ጸጥ ያለ ሜዳ አይቼ አላውቅም።

ጨዋታው በእኩል አለቀ፣ ጭማሪውም እንዲሁ። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። የእኛዎቹ ሁሉንም አስቆጠሩ፣ የእነሱም እንዲሁ፤ እኔ አንድም አላወጣሁም። የመጨረሻውን ሊመታ የመጣው አምበላቸው ነው። ኳሷን አስቀመጠ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ መጣና በውስጥ እግሩ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋት። እየተንከባለለች መጥታ እጄ ውስጥ ገባች።

አልመታትም። ሰጠኝ።

«ምታ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «እንደ ሰው ምታ!» ኳሷን መለስኩለት። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ አበቃ። ዋንጫ በሐዘኔ ተመጸወትኩ። ጓንቴን አውልቄ ወረወርኩት፤ አንስቶ ያመጣልኝም እሱው ነው፣ ከንፈሩን እየነከሰ።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ አንድ ፉርጎ ሙሉ የእኛ ሰው ነበር። የዘፈነ የለም። አምበላችን ዋንጫውን በፌስታል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። እኔ መስኮቱ አጠገብ ሜዳውን እያየሁ ሄድኩ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ መስኮቱ ጠቆረና እንደ መስታወት ሆነ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየኋቸው፤ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ወደ ፊት የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋሻው ሲያልቅ ሣርና ላሞች መጡ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ታጥቤ፣ ጥቁር ሸሚዜን ለብሼ፣ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኋቸው። ወንበር ስለማይበቃ ከሕንጻው የጋራ ክፍል አምጥቼ ግድግዳውን አስይዤ ደርድሬአለሁ። በመስኮቱ ሳይ ከጣቢያው በኩል እየመጡ ነው። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው መጨረሻ። ምንም ድምፅ የለም። ደወሉን ሳይደውሉ ከፈትኩላቸው።

ጋሼ ወንበሮቹን አዩ። «ማን ነገረህ?» አሉ።

«ማንም አልነገረኝም። ይቀመጡ ጋሼ፣ አይድከሙ። እናቴ እንደሞተች አውቃለሁ።»

ማልቀስ ጀምራ የነበረች አንዲት ሴት አቆመች። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እናትህ?» አሉ ጋሼ። «እናትህማ ደኅና ናት። እትዬ ናት እንጂ፤ በጸደይ ነው፣ ልቧ ነው አሉ፣ አንድ ቀን ሳትታመም። ፈተናህን ሳትጨርስ እንዳትነግሩት ብላ እናትህ ናት የለመነችን። ከዚያ... ከዚያ እኛ አቃተን።»

ሳቅሁ ይሉኛል። እኔ አላስታውስም፤ እናቴ አለች የሚለው ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ልቤ በሐዘን ፈንታ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላው ሁሉ ደረሰኝ። ያ የሻከረ ድምፅ በለቅሶ የተዘጋ የእናቴ ድምፅ ነበር። በሕይወት ያለችውን እናቴን ወራት ሙሉ እንደ ሬሳ አድርጌ አውርቻታለሁ፤ ስለ ጀርባዋ ያመሰገንኳት እትዬ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ አፈር ውስጥ ነበረች። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለእትዬ ብላችሁ ነው ይህን ያህል የደበቃችሁኝ?» አልኩ መሬት ላይ ሆኜ።

ጋሼ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ከእሷ ሌላ ስለማን ስታወራ ሰምተን እናውቃለን?» አሉ። «እትዬ እንዲህ አለች፣ እትዬ እንዲህ አደረገች ነው አፍህ። የሞተችበት አክስቱ ሳትሆን እናቱ ናት ብለን ነው የፈራንህ።»

አለቀስኩ፤ አለቀስን። ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ። አምበላችን በስልኬ እናቴ ጋ ደውሎ እጄ ላይ አደረገው።

ካሜራውን ከፍታለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተቆርጣለች፣ ፊቷ በግማሽ ቀንሷል። ከኋላዋ የእትዬ ወንበር ባዶውን ይታያል።

«ለምን የኔ ጌታ ትይኝ ነበር?» አልኳት። ከሁሉም በፊት ያ ነው የወጣኝ።

«ማን ይበልህ ታዲያ?» አለች። «ከእንግዲህ የሚልህ የለም። ቃሉ አብሯት እንዳይቀበር ብዬ ነው።»

ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ቀጠለች።

«ዓርብ እለት አውቄአለሁ ስትለኝ የነገሩህ መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ያክብራቸው፣ እንደምንም ነግረውታል ብዬ ቅዳሜ በጠዋት መቃብሯ ሄድኩ። አዝለሽ የወሰድሽው ልጅ አመስግኚልኝ ብሎሻል አልኳት። አውቋል፣ አልተቀየመሽም አልኳት። አንድ ቃል አልቀነስኩም፤ እንዳልከኝ አድርጌ ነገርኳት።»